ክዳኑ ሲከፈት

ፊውዝ ክዳኑን ከፈተችው፤ ሞተሩ አልቆመም።

ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። ሞተሩ ማጓራቱን ቀጠለ፤ ክቡ ቢላዋ ክፍት በሆነው ሳጥን ውስጥ እንደ ልቡ ይሽከረከራል። ጠረጴዛው ላይ የተከመረው የበቆሎ እሸት ሳይቀር በንዝረቱ ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛ ጊዜ ሞከረችው። ሰው ደጋግመው ሲጠይቁት መልሱን ይቀይር ይሆናል፤ ማሽን ግን አንዴ የያዘውን አይለቅም።

አጠፋችውና ሳጥኑን ገልብጣ ሥሩን አየች። ከክዳኑ ማጥፊያ የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ማጥፊያዋን ዘለው እርስ በርሳቸው ተገናኝተዋል። መገናኛቸው ላይ ጥቁር ቴፕ ተጠቅልሎባቸዋል፤ አጠቃለሉም የቆሰለ የእግር ጣት ላይ እንደ ታሰረ ጨርቅ የተንዘላዘለ ነው። እንዲህ የሚጠቀልል አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች።

«ሬዲዮ!» አለች ብቻዋን፣ ባዶ ማዕድ ቤት ውስጥ።

ሬዲዮ የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ቤታቸውም የሚለየው በአንድ አጥር ነው። ስሙን ያወጡለት መምህራን ናቸው፤ ጠዋት የተከፈተ አፉ ማታ ነው የሚዘጋው። እሷን ደግሞ ፊውዝ ያላት እሱ ነው፣ አምስተኛ ክፍል እያሉ። ቶሎ ስለምትቃጠል ነው ይላል እሱ፤ ሽቦ መነካካት ስለምወድ ነው ትላለች እሷ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ይቺን የበቆሎ መፈልፈያ አራት ወር ሙሉ አብረው ሠርተዋታል። ነገሩ የተጀመረው ግን ባለፈው የእሸት ወቅት፣ በፊውዝ አክስት አውራ ጣት ነው። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። እናቷ በሥራ ምክንያት ሌላ ከተማ ስለምትኖር ፊውዝን ያሳደገቻት እሷ ናት። ያን ቀን ለሾርባ የሚሆን እሸት በቢላዋ ስትልጥ ቢላዋው አዳለጣትና አውራ ጣቷን ገመሰው። ሦስት ሳምንት መርፌ መያዝ አልቻለችም። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ደረቱ ተሰፍቶ እጅጌው ሳይገጠም ቀረ፤ ሙሽራዋ እያለቀሰች ወስዳ ለሌላ ሰፊ ሰጠችው። አክስቷ አላለቀሰችም። የታሰረ ጣቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስፌት ማሽኗ ፊት ዝም ብላ መዋሏን ግን ፊውዝ አልረሳችውም። የዚያኑ ዕለት የሒሳብ ደብተሯ የኋላ ገጽ ላይ አንድ ሳጥን ሣለች።

ሳጥኑ አሁን እውነተኛ ነው። እሸቱ ከላይ ባለው የፕላስቲክ ቱቦ ይገባል፤ ሚስማር በተተከለበት መግፊያ እንጨት ወደ ታች ይገፋል። ውስጥ፣ ከአሮጌ የጭማቂ መፍጫ የተነቀለ ሞተር የሚያዞረው ክብ ቢላዋ ፍሬውን ከቆረቆንዳው ላይ ላጭቶ ከሥር ወደተቀመጠው ሳህን ይሰደዋል። እጅ ከቢላዋ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የለም። ካለም አንድ ብቻ ነው፣ ውስጡን ለማጠብ የሚከፈተው የጎን ክዳን። ለእሱም ፊውዝ ከተጣለ የልብስ ማጠቢያ በር ላይ የነቀለቻትን ትንሽ ማጥፊያ ገጠመችበት። ክዳኑ ሲከፈት ማጥፊያዋ ኤሌክትሪኩን ትቆርጣለች፣ ቢላዋው ቀጥ ይላል። የቴክኒክ መምህሩ ያዩ ቀን «በቆሎ መላጨትማ ማንም ይላጫል፤ ጉብዝናችሁ ያለው እዚች ላይ ነው» ብለው ማጥፊያዋን በጣታቸው መታ መታ አድርገዋት ነበር።

ያላሰቡት ነገር ቢኖር የእሸቱን ወተት ነው። የደረቀ በቆሎ አፉን ዘግቶ ይፈለፈላል፤ እሸት ግን በተነካ ቁጥር ወተቱን ይረጫል፣ የተረጨው ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። ወተቱ ማጥፊያዋ ላይ እየደረቀ፣ ክዳኑ ተዘግቶም ቢሆን ማሽኑ በየሁለት በቆሎው ቀጥ ይል ጀመር። ረቡዕ፣ የማጣሪያው ቀን ጠዋት፣ ሬዲዮ እየፈነደቀ መጥቶ «አጸዳሁት! አሁን እንደ ሰዓት ይሠራል» አላት። አመነችው። ለመምህሩም እንዲሁ ነገራቸው፤ እሳቸውም አመኑ። ሁለቱም ማጣሪያውን አለፉ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ነገ ቅዳሜ የመጨረሻው ውድድር ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ የቀረበው ሥራ በዳኞች ፊት አምስት ደቂቃ ሳያቋርጥ መሥራት አለበት። አንደኛ የወጡት በእረፍት ጊዜ ሁለት ሳምንት የቴክኒክ ኮሌጁ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራሉ። ፊውዝ ያንን ወርክሾፕ አንድ ጊዜ በመስኮት አይታዋለች። ብረት እንደ ሳሙና የሚቀርጽ ማሽን አይታበታለች፤ ከዚያ ወዲህ ነው ዓይኗ ደብተር ላይ አልቀመጥ ያለው።

ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ትታ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ሄደች።

ሬዲዮ ለነገ የሚለብሰውን ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር።

«ሽቦውን አገናኝተኸዋል» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

«የቱን ሽቦ?»

«አትቀልድብኝ።»

ሬዲዮ ካውያውን አቆመው። «ረቡዕ ጠዋት ነው» አለ። «አጽድቼው ነበር፣ እውነቴን ነው። በጥርስ ብሩሽ ነው ያጸዳሁት። ግን እንደገና ቆመ። ልንገባ አስር ደቂቃ ቀርቶናል፣ አንቺ እጅሽን ልትታጠቢ ሄደሻል። ምን ላድርግ?»

«ልትነግረኝ ነዋ!»

«ብነግርሽ ትፈቺው ነበር።»

«አዎ፣ እፈታው ነበር!»

«አየሽ?» አለ ሬዲዮ፣ ክርክር ያሸነፈ ይመስል። «እስቲ ረጋ በይ። ማንም አልሞተም። እስከ ነገ ብቻ እኮ ነው። ክዳኑን ማን ይከፍተዋል? ዳኞቹ ከላይ ያዩታል፣ ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። ከዚያ ኮሌጅ እንገባለን፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንቺን ማጥፊያ በወርቅም ቢሆን እንሠራታለን። አቦ አታካብጂ።»

ደሟ ፈላ። ከሁሉ በላይ ያበሸቃት ግን ነገሩ ሙሉ በሙሉ ስህተት አለመሆኑ ነው። እውነትም ክዳኑን ማን ይከፍተዋል? ማጥፊያዋን ወተት ወደማይደርስበት ቦታ ከፍ አድርጎ መግጠም ይቻላል፤ ለዚያ ግን አዲስ ዘንግ መቁረጥ፣ ሳጥኑን መብሳት፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። እሺም እምቢም ሳትለው ዞራ ወጣች። «ፊውዝ! ተቃጠልሽ እንዴ?» ሲላት ሰማችው።

አጥሩን ተሻግራ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ የሞተር ድምፅ ሰማች።

መጀመሪያ ስፌት ማሽኑ መሰላት። ቀጥሎ ግን የስፌት ማሽን እንዲህ እንደማያጓራ ትዝ አላትና እግሯ በራሱ ሮጠ። አክስቷ ልብስ ልታደርስ ወጥታ ነበር፤ ተመልሳለች። ማዕድ ቤት ውስጥ፣ የልኬት ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ እሸት በቱቦው እየከተተች በመግፊያው ትገፋለች። ታንጎራጉራለች። ሳህኑ በቢጫ ፍሬ ግማሽ ሞልቷል።

«መጣሽ የኔ ልጅ? ኧረ ተአምር ነው የሠራችሁት! እኔ እኮ መቼ ይሆን የማየው ብዬ…»

ፊውዝ የአክስቷን ፊት አላየችም። ያየችው እግሯን ነው። ከጠረጴዛው ሥር፣ የአክስቷ ቀኝ እግር ከወለሉ ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ።

ሃያ ዓመት ሙሉ አክስቷ የሠራችው በፔዳል ነው። ስፌት ማሽኑ የሚዞረው እግር ሲጫን ነው፤ እግር ሲነሣ መርፌው ይቆማል። ለዚህ ነው መርፌው ሥር ጣቷን ሰድዳ የተቋጠረ ክር የምትነቅለው፣ ከሰው ጋር እያወራች፣ ሳታይ። እግሯ ከተነሣ እጇ ምንም አይፈራም። አሁንም እግሯን አነሣች፤ የሌለውን ፔዳል ለቀቀች። እጇ ወደ ጎን ክዳኑ ሄደ፤ ከፈተው። ቢላዋው ዙሪያ ጥቂት ፍሬዎች ተጣብቀው ቀርተዋል፤ አክስቷ ደግሞ የቀረ ፍሬ አይታ አታልፍም። ጠቋሚ ጣቷን ዘረጋች።

ፊውዝ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለችው። እንዴት እዚያ እንደደረሰች አታውቅም።

ሞተሩ እያቃሰተ ቆመ። አክስቷ ጣቷን ወደ ውስጥ ሰደደች፣ ፍሬዎቹን ጠራርጋ አወጣች፣ አፏ ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ አየቻት።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ ዐመድ መስሏል!»

«ሽቦው… ሽቦው ሞቆ ነበር» አለች ፊውዝ። «ሊቃጠል ነበር።»

«ውይ! እኔ ማሽንሽን አበላሽቼብሽ ነበር በይኛ!» አክስቷ ሳቀች። «ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ማለት ይሄ ነው። ዕቃ ሳይ እጄ አያርፍም።»

ፊውዝ ለመሣቅ ሞከረች። አልሆነላትም። ሶኬቱን ሰክታ የሄደችው ራሷ ናት፤ በጓደኛዋ ላይ ልትጮህ ስትቸኩል ቢላዋውን ለአክስቷ ትታላት ነው የሄደችው።

የቀረውን ጊዜ መቀመጥ አቃታት። ሳጥኑን ወደ ክፍሏ ወሰደችና በሩን ቆልፋ የሬዲዮን ቴፕ ፈታችው። ማጥፊያዋን በአልኮል ጠረገቻት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተገቻት፣ አደረቀቻት። አንድ በቆሎ፤ ይሠራል። ሁለተኛ፤ ይሠራል። ሦስተኛው ግማሽ ላይ ማሽኑ ቀጥ አለ። እንደገና ጠረገች። አሁን ሁለተኛው ላይ ቆመ። ማጥፊያዋን በላስቲክ ጠቀለለቻት፤ በላስቲክ ስትጠቀለል ጭራሽ አልጫን አለች። ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ወንበር ትመላለሳለች። የቤት ሥራ ደብተሯን ከፍታ አንድ መስመር ጻፈችና ያንኑ መስመር ሰረዘችው። ከማዕድ ቤት የሾርባው ሽታ መጣ። አክስቷ «ነይ ብዪ!» ብላ ጠራቻት፤ «ደርሻለሁ!» ብላ አልሄደችም።

ስለ ወርክሾፑ አሰበች። ብረት የሚቀርጸውን ማሽን፣ ከሥሩ የሚወድቀውን የተጠቀለለ የብረት ፍቅፋቂ አሰበች። ነገ ክዳኑን ማንም አይነካውም አለች ለራሷ። ሳጥኑን እዚሁ ደብቄው አድራለሁ፣ ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ፣ አክስቴ አጠገቡ አትደርስም።

ከዚያ ሁለቱን ሽቦዎች መልሳ አገናኘቻቸው። ቴፑን በራሷ እጅ ጠቀለለችው፤ ጥብቅ አድርጋ፣ ሦስት ዙር፣ እሷ እንደምትጠቀልለው። ሳጥኑን አልጋዋ ሥር ገፋችው። ሾርባውን ስትበላ ምን ምን እንደሚል አላወቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት ሳጥኑን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሬዲዮ አፉን አልዘጋም። «ቴፑን አየሁት» አላት። «ያንቺ ነው። ንጹሕ ሥራ! አውቅ ነበር እንደምትገቢበት። ደግሞ አንድ ሰርፕራይዝ አለኝ።»

«ምን?»

«ስንደርስ ታያለሽ።»

ሰርፕራይዝ አትወድም። የሬዲዮን ደግሞ ጨርሳ አትወድም።

አዳራሹ በጠረጴዛ ተሞልቷል። ውኃ የሚያጣራ በርሜል አለ፤ እንቁላል የሚያስፈለፍል ሳጥን አለ፤ ባለቤቱ ጫጩቶቹ ዛሬ ይወጣሉ ብሎ ስላወራ ሰው ሁሉ እሱ ዘንድ ተሰብስቧል። የእነሱ ጠረጴዛ አስራ አንድ ቁጥር ነው። ፊውዝ ሳጥኑን አስቀምጣ ቀና ስትል አክስቷን አየቻት፤ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ በሰው መሀል እየተጋፋች ትመጣለች።

«ይኸው ሰርፕራይዙ!» አለ ሬዲዮ። «እኔ ነኝ የጠራኋት፤ ትናንት ማታ በአጥር በኩል። በዳኞቹ ፊት በቆሎውን የምትፈለፍለው እሷ ናት። አስቢው! ጣቷ የተቆረጠ ልብስ ሰፊ፣ ራሷ፣ በዚያው እጇ! እኔ ታሪኩን እተርካለሁ፣ እሷ ትሠራለች። ዳኞቹ ካላለቀሱ ስሜን ቀይሪው።»

ፊውዝ ክንዱን ይዛ ከጠረጴዛው ጀርባ ጎተተችው።

«አይሆንም። እሷ መሆን የለባትም። አንተ ሥራው፣ ወይ እኔ ልሥራው።»

«ዳኞቹ ዘንድ ተመዝግባለች እኮ! ምን ሆነሻል?»

«ክዳኑን ትከፍተዋለች።»

«ነግሬያታለሁ፣ ፊውዝ። ሦስት ጊዜ ነው የነገርኳት። ክዳኑን እንዳትነኪ ብያት እሺ ብላኛለች።»

«እሷማ እሺ ትላለች። እግሯ ግን አልሰማህም።»

«ምን?»

ትናንት ያየችውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረችው፤ እግሩ ሲነሣ፣ ጣቱ ሲሄድ። የሬዲዮ ፊት ተለወጠ። አክስቷን አየ፤ አክስቷ ከመምህሩ ጋር ቆማ እየሣቀች የእሸቱን ቅጠል ትልጣለች፣ ጸጉሩን እየነቀለች ትደረድራለች። ከዚያ ወደ አዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ አየ። የእነሱን ረድፍ የምትመለከተው ዳኛ፣ መነጽሯን አናቷ ላይ የሰቀለች መሐንዲስ፣ ዘጠነኛው ጠረጴዛ ላይ ናት።

«እኔ አጠገቧ እቆማለሁ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ልትከፍት ስትል እጇን እይዛለሁ። አምስት ደቂቃ እኮ ነው። አምስት ደቂቃ!»

«ብትቀድምህስ?»

ሬዲዮ ወደ ሳጥኑ ጠቆመ። «ሽቦውን ከፈታሽው ይቆማል» አለ። «እናንተ ወደቃችሁ ይሉናል። አራት ወር፣ ፊውዝ! ከፈታሽው እኔ እዚህ አልቆምም። በሰው ፊት እንዲያዋርደኝ አልፈልግም።»

«አትቁም» አለችው።

የምሯን መሆኑን ለማወቅ ዓይኗን አየ። ከዚያ ሄደ፤ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ በር አጠገብ ካለው ግድግዳ ጋር ተደግፎ፣ ጀርባውን ሊሰጣት እየሞከረ ቆመ።

ፊውዝ ሳጥኑን አውርዳ ይዛው ጠረጴዛው ሥር ገባች። ቴፑ ጥብቅ ነው። ትናንት በራሷ እጅ ያጠበቀችው አጠቃለል ዛሬ ጥፍሯን አሻፈረኝ አለ። ጫፉን ፈልጋ ስታጣ በጥርሷ ነከሰችው፤ የላስቲክና የሙጫ ጣዕም አፏን ሞላው። ከላይ የዳኛዋ ጫማ ሲቀርብ ትሰማለች። «ቁጥር አስር፣ እናመሰግናለን።» አንዱ ሽቦ ተላቀቀ። ሁለተኛውንም ለየችው። ሁለቱንም ማጥፊያዋ ላይ መልሳ አሰረችና ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ ሳጥኑን ቦታው አስቀመጠችው፤ ጉልበቷ በአቧራ ነጭ ሆኗል።

«ቁጥር አስራ አንድ» አለች ዳኛዋ ሰዓቷን ይዛ። «ተናጋሪው የት አለ?»

«እኔ ነኝ» አለች ፊውዝ።

ታሪኩን ሬዲዮ ቢነግረው ሰው ያስለቅስ ነበር። እሷ ግን ምላሷ ተሳስሮ «ይሄ የእሸት መፈልፈያ ነው። ጣት እንዳይቆርጥ ተደርጎ ተሠርቷል» ብላ ጨረሰች። ዳኛዋ ሰዓቷን ተጫነች።

አክስቷ ጀመረች። የመጀመሪያው በቆሎ ገባ፤ ፍሬው ሳህኑ ላይ እንደ ዝናብ ወረደ። አንድ ሁለት ሰው ዞረው አዩ። ሁለተኛው ገባ። እንቁላሉ ዘንድ ከቆሙት ጥቂቶች መጡ። መምህሩ እጃቸውን አጣጥፈው ፈገግ ብለዋል። ሁለት ደቂቃ አለፈ። ሦስተኛው በቆሎ ግማሽ ሲደርስ ፊውዝ ወደ ታች አየች።

የአክስቷ ቀኝ እግር ከወለሉ ተነሣ።

እጇ ክዳኑን ከፈተ፤ ሞተሩ ቀጥ አለ። ጣቷ ቢላዋው ዙሪያ ገባ፣ ዞረ፣ አራት ፍሬ ይዞ ወጣ። አክስቷ ይሄን ሁሉ ስታደርግ ዓይኗ ዳኛዋ ላይ ነው፤ ትሥቅላታለች። ምን እንዳደረገች እንኳ አላወቀችም። ክዳኑን ዘጋችና በቆሎውን ገፋች።

ሞተሩ አልተነሣም።

ገፋ አደረገችው። ክዳኑን መታ መታ አደረገችው። ዝም።

«ለምን ቆመ?» አለች ዳኛዋ።

«ክዳኑ ሲከፈት ይቆማል» አለች ፊውዝ። «ሲዘጋ መነሣት ነበረበት። የእሸቱ ወተት ማጥፊያው ላይ ስለሚደርቅ አይነሣም። ማጥፊያው ቦታው ልክ አይደለም። ገና አልፈታነውም።»

«ስለዚህ አምስት ደቂቃ አይሠራም?»

«ዛሬ አይሠራም።»

ዳኛዋ መነጽሯን አውርዳ ለአፍታ አየቻት፤ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጽፋ «ቁጥር አስራ ሁለት» አለች። ሰዉ ወደ እንቁላሎቹ ተመለሰ። መምህሩ ማጥፊያዋን ጎንበስ ብለው አዩ፤ ቀጥለውም በር አጠገብ ወደቆመው ሬዲዮ ረዘም አድርገው አዩና ዳኛዋን ተከተሉ።

ፊውዝ ልታለቅስ የደረሰች መሰላት። ወርክሾፑ፣ ብረቱ፣ ሁለቱ ሳምንታት በአንድ ትንፋሽ ሄደዋል። ከዚያ ዞራ አክስቷን ስታይ የራሷን ረሳችው። አክስቷ የክት ቀሚሷን እንደለበሰች፣ መግፊያውን ደረቷ ላይ ይዛ ኩምትር ብላለች።

«እኔ ነኝ» አለች አክስቷ። «ክዳኑን አትንኪ ብሎኝ ነበር ልጁ። ነካሁት መሰለኝ፣ አይደል? ነካሁት። ስንት ወር የለፋችሁበትን! ምነው ይሄን እጄን በቆረጠው ኖሮ!»

«እንደሱ አትበይ!» ፊውዝ ሳታስበው ጮኸች። የጎረቤቱ ጠረጴዛ ልጆች ዞሩ። «አክስቴ፣ እንደሱ አትበይ። እባክሽ።»

ሬዲዮ ድምፁን ሰምቶ መጥቷል፤ ከግድግዳው ተላቆ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ያየው የአክስቷን እጅ ነው፤ አስሩንም ጣቶቿን የቆጠረ ይመስል ዓይኑ እዚያው ቆየ። ከዚያ ፊውዝን አየ። ለአክስቷ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ምን እንደሚል ፊውዝ ቀድማ አወቀችው። ኃይል ቀንሶ ነው ይላታል፤ የአዳራሹ ሶኬት ችግር አለበት ይላታል። ጥሩ ውሸት ነው። አክስቷ ታምነዋለች፣ እፎይ ትላለች፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ትናንት «ሽቦው ሞቆ ነበር» ስትላትም እንዲሁ ነበር ያመነቻት።

ሬዲዮ ግን አፉን መልሶ ዘጋው።

ፊውዝ ሁለት ወንበር ስባ አመጣች። «ተቀመጪ፣ አክስቴ» አለቻት። «አንቺ ያበላሸሽው ነገር የለም። የትናንቱን ልንገርሽ።»

«የትናንቱን ምን?»

አክስቷ ተቀመጠች፤ ሁለት እጆቿን፣ አሁንም የእሸት ወተት እንዳለባቸው፣ ጭኗ ላይ አኖረቻቸው። ሬዲዮ ትንሽ አመነታና ሦስተኛ ወንበር ጎትቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ፊውዝ ከእሱ ቴፕ ልትጀምር ትችል ነበር። ከራሷ ጀመረች።